ጎራዴውን ገና አትወልውለው

ይድረስ ለወንድሜ ለመስፍን፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ዝምታችን ስንገናኝ እንወቃቀሳለን፤ የላክኸው የዛገው የጃፓን ጎራዴ ፎቶ ግን ፋታ አይሰጥምና በቀጥታ ወደዚያው ልግባ። «ዝገቱን በምን ላስለቅቀው?» ብለሃል። በምንም። ብርጭቆ ወረቀት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ የብረት መወልወያ ቅባት፣ ኮምጣጤም ቢሆን አይንካው። የጃፓን ጎራዴ ገጽታ የሚገኘው ከሻካራ እስከ ልስልስ በተለያዩ ድንጋዮች ተራ በተራ በመሳል ነው። አንድ ጊዜ የጫርኸውን ለማጥፋት ባለሙያው ተጨማሪ ብረት መላጥ ይኖርበታል። የብዙዎቹ የውጭ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፤ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ለስላሳው የውስጥ ብረት ይወጣል፤ ያ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የሠራዊት እጀታና አፎት ስላለው «የጦርነት ጊዜ ነው» ብለህ አትናቀው። ብዙ የጃፓን መኮንኖች የቤተሰብ ጎራዴያቸውን በሠራዊቱ ደንብ እጀታ አልብሰው ነው የዘመቱት፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የአሜሪካ ወታደሮች ብዙውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ስለዚህ አንተ ባለህበት አገር ከአዛውንት ቤት ዕቃ ሽያጭ የተገኘ ጎራዴ የፋብሪካ ብረትም ሊሆን ይችላል፣ የአምስት መቶ ዓመትም። እጀታው ከአልሙኒየም የተቀረጸና ብረቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር የተመታበት ከሆነ ለበታች ሹማምንት የተመረተ የማሽን ሥራ ነው፤ ፍለጋህ እዚያ ያበቃል። ያንተው ግን በጨርቅ ጥብጣብ የተጠቀለለ ይመስላል። በነገራችን ላይ፣ እጀታው ላይ የታሰረ የእንጨት ወይም የጨርቅ ምልክት ካለ እንዳትጥለው፤ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።

ሲመዘዝ ስለቱ ወደ ላይ ይሁን። የአፎቱን አፍ በግራ እጅህ ስትይዝ ጣቶችህ በስለቱ በኩል አይዙሩ፤ ያረጀ አፎት ተሰንጥቆ እጅ ይቆርጣል። መጀመሪያ በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገህ አላቅቀው፤ ከዚያ ጀርባው በአፎቱ እንጨት ላይ እየተንሸራተተ በአንድ ትንፋሽ ይውጣ። ባዶውን ብረት በጣት አትንካው፤ የላብ ጨው ዝገት ይጀምራል። በላዩም አታውራ፤ የምራቅ ጠብታም ያው ነው።

ቀጥሎ እጀታውን ታወልቃለህ። የሚይዘው መኩጊ የሚባል የቀርከሃ ችንካር ነው፤ አንዳንድ የጦርነቱ ማብቂያ እጀታ ሁለት አለው። አንደኛው ጫፉ ስለሚቀጥን ከቀጭኑ በኩል በነሐስ ወይም በእንጨት ዘንግ ግፋው፤ የብረት ምስማር ቀዳዳውን ያበላሻል። ችንካሩ ሲወጣ የእጀታውን ጫፍ በግራ እጅህ ይዘህ ብረቱን ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው አቁመው። ከዚያ የግራ አንጓህን በቀኝ ጡጫህ ቀስ ብለህ ምታ። ብረቱ ሁለት ሦስቴ ዘለል ሲል ይላቀቃል፤ አጭር ከሆነ ግን ከእጀታው ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ምቱ ለዘብ ይበል። እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድበው፤ ለሚያውቅ ይቆይ። የእጅ መከለያውን፣ ሴፓ የሚባሉትን ስስ ቀለበቶችና ሀባኪ የሚባለውን የአንገት ማቀፊያ በመጡበት ቅደም ተከተል ደርድረህ ፎቶ አንሣቸው፤ ቀለበቶቹ ከተዘበራረቁ እጀታው ተመልሶ አይጠብቅም።

አሁን ናካጎው፣ ማለትም እጀታ ውስጥ የተደበቀው የብረቱ ጭራ፣ ይታይሃል። ደብዳቤውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ያዝልኝ፦ የናካጎ ዝገት አይነካም። የጎራዴው የልደት ወረቀት እሱ ነው። ጥቁር ቡናማና ልስልስ የሆነው የዘመናት ዝገት ነው፤ ብርቱካናማው የቅርብ ጊዜ ነው። ባለሙያ ዕድሜውን የሚገምተው ከዚህ ቀለም፣ ከሞረድ መስመሮቹ አቅጣጫና ከጭራው ቅርጽ ነው። የወለወለ ሰው የዋጋውን ትልቅ ክፍል አብሮ ጠርጎ ይጥላል። ከአንድ በላይ ቀዳዳ ካለው ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎራዴ ከጭራው በኩል ማጠሩን ያሳያል፤ ያኔ ጭራው ላይ የነበረው የጎራዴ ሠሪው ፊርማም አብሮ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። «ሴኪ» ወይም «ሾዋ» የሚል ትንሽ ማኅተም ከተመታበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባህላዊው መንገድ ያልተሠራ የጦርነት ዘመን ምርት ነው።

ፊርማ ቢኖረው ቶሎ ደስ አይበልህ። እንደ ማሳሙኔና ኮቴትሱ ያሉ የታላላቅ ጎራዴ ሠሪዎች ስሞች ለዘመናት ሲመሰሉ ኖረዋል። ብረቱ ስሙን ካልመሰከረለት ስሙ ዋጋ የለውም።

ጉድለቱን ለማየት ክፍሉን አጨልመህ አንድ አምፖል ብቻ አብራ፤ ብረቱን ከብርሃኑ በታች ወዲያና ወዲህ አዘንብለው። በስለቱ ላይ የሚሄደው ነጭ የሐሞን መስመር የተፈጠረው ብረቱ ጭቃ ተቀብቶ፣ ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ ሆኖ፣ ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ነው፤ ስለቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል። እውነተኛው ሐሞን ሲዘነብል ጥቃቅን ፍንጣሪዎች ይታዩበታል፤ በአሲድ የተሣለው ዝም ያለ ነጭ ነው። የሚገድለው ጉድለት ሀጊሬ ነው፦ ከስለቱ ጠርዝ ወደ ጀርባው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ። የጠነከረው ክፍል ላይ ስለሆነ ጥገና የለውም። በብረቱ ርዝመት የሚሄዱ ትናንሽ የእጥፋት ክፍተቶች ግን በአሮጌ ጎራዴ ላይ ይታለፋሉ።

የዘወትሩ እንክብካቤ ቀላል ነው። የድሮውን ዘይት በ99 በመቶ አልኮልና በአዲስ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረግ፤ ጀርባውን ወደ መዳፍህ አድርገህ ከአንገቱ ወደ ጫፉ ብቻ፣ መልሰህ ሳትጎትት። በልማድ ለዚህ የሚውለው ኡቺኮ የሚባል ዱቄት ከመሳያ ድንጋይ የተፈጨ ስለሆነ ሲደጋገም ገጽታውን ይጭራል፤ ቀይ ዝገት ባለበት ብረት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ከዚያ ቾጂ የሚሉትን የቅርንፉድ ሽታ ያለውን ቀላል የማዕድን ዘይት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ በስስ ጨርቅ ላይ፣ እስኪያብለጨልጭ ሳይሆን ጭጋግ እስኪመስል ቀባው። የምግብ ዘይት ይበላሻል፤ የበዛ ዘይትም አፎቱን አርሶ አቧራ ይሰበስባል። በየሦስት እስከ ስድስት ወር ይበቃዋል። ከወለል በታች ባለ ክፍል አታስቀምጠው፤ ማሞቂያ አጠገብም አይሁን፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ተጋድሞ ይቀመጥ።

የዛገ ብረት የኖረበት አፎት ራሱ ዝገት ይዟል፤ የጸዳውን ብረት ብትመልስበት በዚያው ቦታ ይዝጋል። ባለሙያዎች ብረቱን ሽራሳያ በሚባል ያልተቀባ የሆኖኪ እንጨት ማኖሪያ ያስቀምጡታል። የሚጣበቀው በሩዝ ሙጫ ስለሆነ ተከፍቶ ውስጡ ይጸዳል።

ለማስሳል ወደ ጃፓን ለመላክ አትቸኩል። እዚያ ጎራዴ ሁሉ በክፍለ አገሩ የትምህርት ቦርድ የምዝገባ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ በባህላዊው መንገድ ያልተሠራ የጦርነት ጊዜ ብረት ደግሞ አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር መርምሮ የሚሰጠው ወረቀት የሚጠቅምህም ብረቱ ይህን ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን የሚያስፈልገኝ የናካጎው ሁለት ገጽ በጎን ብርሃን፣ የጫፉ ቅርብ ፎቶ፣ ሙሉው ብረት ከላይ፣ ደግሞም በጀርባው በኩል ሀባኪው ከሚያርፍበት እርከን እስከ ጫፉ በቀጥታ የተለካ ርዝመት ነው። 60.6 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ካታና ልንለው እንችላለን። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ ዳዊት