ስለ ሉገር ፒ08 ካዝና ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን «ሉገሬ ላይ ያለው ካዝና የራሱ ነው?»፣ ማለትም የጥይት መያዣው ከፋብሪካ ከሽጉጡ ጋር አብሮ የወጣ ነው ወይ የሚል ጥያቄ በዝቶብናል። የብዙዎቻችሁ ሽጉጥ የጀርመን ጦር ፒ08 ስለሆነ በእሱ ላይ እናተኩራለን።

በቅድሚያ ካዝናውን አውጡ፤ ቀጥሎ ጥይት መጉረሻውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

የሽጉጡ ቁጥር ከአፈሙዙ ሥር፣ በአካሉ ፊት ላይ ተመትቷል፤ ብዙ ጊዜ ከበታቹ አንዲት ትንሽ የላቲን ፊደል አለች። ስህተቱ የሚጀምረው ይህችን ፊደል ከመዝለል ነው። ፋብሪካው 10,000 ሲሞላ ቁጥሩን ከ1 ጀምሮ «ኤ»፣ ከዚያ «ቢ» እያለ ይቀጥል ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ደግሞ ዓመቱ ሲለወጥ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመር ነበር። ስለዚህ 4231 የሚል ሽጉጥ ብዙ ነው። በካዝናው ግርጌ ላይ የተመታው ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር ቢገጥምም፣ ፊደሏ ካልገጠመች «የራሱ ነው» ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ።

ለአንድ ሽጉጥ ሁለት ካዝና ይሰጥ ነበር፤ የሁለተኛው ግርጌ ላይ የመደመር ምልክት (+) አለ። ምልክት የሌላቸው ሁለት ካዝናዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ከመጡ አንዱን ጠርጥሩ።

ዘመኑን የሚነግረን ካዝናው የተሠራበት ነገር ነው። የአንደኛው ጦርነት ካዝና ግርጌው እንጨት ሲሆን ሰውነቱ ከታጠፈ ብረት ስለተሠራ መጋጠሚያው ይታያል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው በአብዛኛው የአሉሚኒየም ግርጌ አለው። «ኤፍ ኤክስ ኦ» የተመታበት የሄኔል ፋብሪካ ካዝና ጥቁር ነው፣ መጋጠሚያም የለውም፤ የሁለተኛው ጦርነት ዕቃ ነው። የተሠራበት ዓመት 1916 (እ.ኤ.አ.) የሚል ሽጉጥ ላይ ብታገኙት ከጊዜ በኋላ የገባ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ተፍቆ እንደገና የተመታ ቁጥር ነው። ግርጌውን በባትሪ ብርሃን ከጎን እዩት፦ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ጎድጎድ ካለ ተሞርዷል። አሉሚኒየም ላይ የአሃዞቹ ጉድጓድ ከዙሪያው ይልቅ የሚያበራ ከሆነ ምቱ አዲስ ነው። የደረቀ አሮጌ እንጨት ደግሞ ሲመታ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

እባካችሁ ካዝናውን አታስወልውሉ፣ ኒኬልም አታስነክሩ፤ የምንመረምረው ያንኑ አሮጌ ገጽ ነው። ሞላው ደክሞ ጥይት ባያነሳም ሞላውን አውጥታችሁ ለብቻው አቆዩት እንጂ አትጣሉት።

አስተያየታችንን ለምትፈልጉ አራት ፎቶ ይበቃናል፦ የግርጌው፣ የካዝናው ሁለት ጎኖች፣ የሽጉጡ ቁጥር ከነፊደሉ።