ኒውዌልስ የመምህር ስም ነው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ሜሲ ልጅነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ያደገበትን ክለብ በስም ብቻ ጠርታችሁ ማለፋችሁ ቆጨኝ። ኒውዌልስ ኦልድ ቦይስ ማለት እኮ «የኒውዌል የቀድሞ ተማሪዎች» ማለት ነው።

አይዛክ ኒውዌል የእንግሊዝ ኬንት ልጅ ነው። ገና በ16 ዓመቱ አርጀንቲና ገባ። እ.ኤ.አ. በ1884 ሮዛሪዮ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኳስም አብራ ግቢው ገባች። በ1903 ልጁ ክላውዲዮ፣ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች ተሰብስበው ክለቡን መሠረቱ። ስሙንም በመምህሩ ሰየሙት።

ማሊያውን ልብ ብላችሁ እዩት። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ቀዩ ከእንግሊዝ ባንዲራ፣ ጥቁሩ ከጀርመን የመጣ ነው፤ የኒውዌል ባለቤት የጀርመን ዘር ነበረባት። ባልና ሚስቱ እስከ ዛሬ ተጫዋቾቹ ደረት ላይ አሉ ማለት ነው። ይቺ ነገር ሁሌም ልቤን ትነካዋለች።

የከተማው ባላንጣ ሮዛሪዮ ሴንትራልም ከዚያው ወገን ነው፤ በ1889 የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው ያቋቋሙት።

በሚቀጥለው ስለ ሜሲ ስትጽፉ፣ እባካችሁ ለመምህሩም አንድ አንቀጽ ስጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ