ፍርዱ ከኅትመቱ ይቅደም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በፍርድ ቤት በሚታይ የምርጫ እጩነት ክርክር ላይ የምታወጧቸውን ዘገባዎች አራት ኪሎ ከሚገኘው ቤቴ ሆኜ በጥሞና እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ማን እንደረታና ማን እንደተረታ የሚያስረዱ ናቸው። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የጨረስኩ ሰው በመሆኔ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን ነው።

በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በእስር ላይ የነበሩትን የባልደራስ ፓርቲ መሪ እስክንድር ነጋንና ባልደረቦቻቸውን በእጩነት አልመዘግብም ባለ ጊዜ፣ የፓርቲው አቤቱታ የቀረበለት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቦርዱን ውሳኔ አጸና። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት በመጨረሻ የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይህን ሽሮ ይመዝገቡ ያለው ግንቦት 16 ቀን ሲሆን፣ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነው። ቦርዱ የድምፅ መስጫው ወረቀት ታትሟል በማለት መጀመሪያ ቢያመነታም በኋላ እጩዎቹን መዝግቧል፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይቆጠር፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዲከበር ስለሚደነግግ፣ የሰበር ችሎቱ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን አንድ ስም በድምፅ መስጫ ላይ መጨመር በእስክሪብቶ ጫፍ እንደ መጻፍ አይደለም። አንድ መስመር ሲገባ ከሥሩ ያሉት ስሞች፣ ምልክቶችና ምርጫ የሚደረግባቸው ሳጥኖች ሁሉ ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ አሮጌው ፕሌት (ገጹ የሚታተምበት ቅርጽ) ተጥሎ አዲስ ይወጣል፣ እርማቱ ፊደል በፊደል ይነበባል፣ ቀድሞ የታተመው ተቆጥሮ ይወገዳል። እኛ ለተራ የሠርግ መጥሪያ እንኳ ባለጉዳዩ አይቶ ሳይፈርምበት ማሽን አናስነሳም ነበር። ዘግይቶ የተመዘገበው እጩም ቢሆን፣ ሌሎቹ ሲቀሰቅሱ እርሱ በፍርድ ቤት ደጅ ሲመላለስ የባከነበትን ጊዜ የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ የምርጫው የጊዜ ሰሌዳ ሲዘጋጅ፣ የእጩነት ክርክር እስከ ሰበር ደርሶ እልባት የሚያገኝበት ቀን ተቆርጦ ኅትመቱ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲጀመር እጠይቃለሁ። እናንተም የእጩ ክርክር በዘገባችሁ ቁጥር፣ ከቀጠሮው ቀን ጎን የድምፅ መስጫው ወደ ማተሚያ ቤት የሚገባበትን ቀን ብታትሙልን እኛ አንባቢዎች የቀረውን ጊዜ ራሳችን ቆጥረን እንረዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ፣ ከአራት ኪሎ