ልጄ ሆይ፣ ሕመምሽን አታሳንሺው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ትናንት በስልክ ስናወራ ሁሉም ነገር መልካም እንደሆነ ነግረሽኝ ወሬውን ቶሎ ወደ ሕፃኗ አዞርሽው። ባለቤትሽ ግን ሌሊት ሌሊት እንደምታለቅሺ፣ ደረጃ ስትወጪ እየቆምሽ ትንፋሽሽን እንደምትሰበስቢ፣ ሆስፒታሉ ጋ ደውዪ ሲልሽም «ደጋግሜ አላስቸግራቸውም» እንዳልሽው ነግሮኛል። እባክሽ አትቆጪው፤ ፈርቶልሽ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እናትሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜዬን በማዋለጃ ክፍል ያሳለፍኩ አዋላጅም ነኝ። በስልክ ሁለታችንንም እንባ ስለሚቀድመን በጽሑፍ ይሻላል። ሕፃኗ ስትተኛ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ከወለድሽ በኋላ ስለፈሰሰሽ ደም «ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የሆንኩት?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምንም አላጠፋሽም። በእርግዝና መጨረሻ ላይ ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ደም ይሄዳል። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ እነዚያ የደም ሥሮች ክፍት ይቀራሉ። የሚዘጋቸው ራሱ የማህፀን ጡንቻ ነው፤ ተኮማትሮ አንቆ ይይዛቸዋል። በአንቺ እንደሆነው የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ማህፀን በደንብ መኮማተር ያቅተዋል፣ ደሙም አይቆምም። በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሰ እኛ አዋላጆች በአደጋነት እንይዘዋለን፤ የአንቺ ከዚያ በብዙ ስለበለጠ ነው ደም የተሰጠሽ። በሁለተኛው ሳምንት የመጣብሽ ትኩሳትም የዚያው የቀረው ቁራጭ ውጤት ነበር፤ ኢንፌክሽን ፈጠረ፣ አወጡልሽ፣ መድኃኒት ጀመሩልሽ። ነፍሰ ጡር ሆነሽ ዕቃ ማንሳትሽ፣ ብዙ መሥራትሽ፣ መጨነቅሽ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በዓለም ላይ እናቶችን ከወሊድ ጋር በተያያዘ ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ደም መፍሰስ ነው። ያለፍሽበት ነገር ትልቅ ነው፤ ትልቅ እንደሆነም ተቀበዪው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ትኩሳቱ ሲጀምርሽ ደውለሽ «የአራስ ድካም ነው፣ ውኃ ጠጪና ዕረፊ» ብለው መልሰውሽ ነበር። ይህን ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት፤ አሁንም አልበረደልኝም። ያተረፈሽ በማግስቱ እንደገና መደወልሽ ነው። ስለዚህ «አላስቸግራቸውም» ስትዪ የምትተዪው ሕይወትሽን ያተረፈውን ነገር ነው። በሰው አገር ስንሆን እንግድነት ይሰማናል፤ ቋንቋው ሲጎረብጠን ንግግራችንን እናሳጥራለን፤ ሐኪሙ ሲቸኩል አንገታችንን ነቅንቀን እንወጣለን። በሌላ ጉዳይ ይህ ጨዋነት ነው። በአራስነት ግን አደገኛ ነው።

የቴኒስ ተጫዋቿን ሴሬና ዊልያምስን ታውቂያታለሽ። በ2017 በቀዶ ሕክምና ልጇን በወለደች በማግስቱ ትንፋሽ አጠራት። ከዚያ በፊት ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት ስለሚያውቅ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባትና የሲቲ ስካን ምርመራና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። ነርሷ የሕመም ማስታገሻው አደናግሯት ይሆናል ብላ አሰበች። ሴሬና አልተወችም። መጀመሪያ እግሯን በአልትራሳውንድ አዩላት፣ ምንም አልተገኘም፤ በመጨረሻ ሲቲ ስካኑ ሲነሳ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ይህን ራሷ በአደባባይ ተናግራዋለች። በገዛ አገሯ፣ በገዛ ቋንቋዋ፣ ያን ያህል ዝና ያላት ሴት ደጋግማ መናገር ካስፈለጋት፣ አንቺ ሁለት ጊዜና ሦስት ጊዜ ብትናገሪ ማን ይፈርድብሻል?

ስትናገሪ ደግሞ በቁጥር ተናገሪ። «ትንሽ ትኩሳት አለኝ» ካልሻቸው ያልፉታል፤ «38.5 ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ አልወረደም» ካልሻቸው ግን ማለፍ ይከብዳቸዋል። (ቴርሞሜትርሽ በፋራናይት የሚያሳይ ከሆነ 38 ማለት 100.4 ነው።) ደሙንም እንዲሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ወይም የእንቁላል ያህል የረጋ ደም ከወጣ፣ ሳትጠብቂ ለአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ደውዪ። የሕመምሽን መጠን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ሲጠይቁሽ ከምጥሽ ጋር አታወዳድሪው፤ ምጥን ያየች ሴት ሁሉም ነገር ሦስት ይመስላታል። ይልቁንስ ሕመሙ ምን እንደሚከለክልሽ ንገሪያቸው፤ ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም፣ ልጄን ማንሳት አልቻልኩም በያቸው።

ከሁሉ በፊት ግን የምትናገሪው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በቅርቡ መውለድሽ ይሁን። ድንገተኛ ክፍል ያለ ሐኪም ራስሽን አሞሽ የመጣሽ አንዲት ወጣት ብቻ አድርጎ ሊያይሽ ይችላል። ስንት ሳምንትሽ እንደሆነ፣ ብዙ ደም እንደፈሰሰሽ፣ ደም እንደተሰጠሽ፣ ቁራጭ እንደወጣልሽ በአገሩ ቋንቋ በወረቀት ጽፈሽ በቦርሳሽ ያዢ። ሲያምሽ ቋንቋ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ግን አይጠፋም። አስተርጓሚም ጠይቂ። ብዙ ሆስፒታሎች ቢያንስ በስልክ ያቀርባሉ። «ባለቤቴ ያስተርጉምልኝ» አትበዪ። ቋንቋውን ቢያውቅም የሕክምናውን ቃል ሁሉ አያውቅም፤ ደግሞም እሱን ላለማስደንገጥ ስትዪ የምትሸሽጊው ነገር ይኖራል። አውቅሻለሁ።

ደረጃው ላይ ትንፋሽ ያጥርሻል ስለተባለው ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የደም ማነስ ይሆናል፤ ያን ያህል ደም የፈሰሳት ሴት መድከሟ አይገርምም። ነገር ግን በግምት አይተውም። ከወሊድ በኋላ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ደም የመርጋት አደጋ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ደም የፈሰሳትና ኢንፌክሽን የነበረባት ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ናት። አንዱ ባትሽ ብቻ ካበጠ ወይም ካመመሽ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽሽ በድንገት ካጠረ፣ ያ የዚያችው ሰዓት ጉዳይ ነው። በጀርባሽ ስትተኚ የሚያፍንሽና ትራስ ደራርበሽ ብቻ የምትተኚ ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚትሽም ካበጠ፣ ልብሽን ይዩልሽ። ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ሊከሰት ይችላል፤ የአራስ ድካም እየተባለ የሚታለፈውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ደውለሽ የደም ማነስ የሚታወቅበትን የሄሞግሎቢን መጠንሽን እንዲለኩ፣ ትንፋሽሽንም እንዲመረምሩ ቀጠሮ ያዢ። ይህን እለምንሻለሁ።

የደም ግፊትም አለ። በእርግዝናሽ ወቅት ደህና ነበር፣ ይሁን እንጂ ከወለዱ በኋላም ሊነሳ ይችላል፤ እስከ ስድስት ሳምንት እንጠነቀቃለን። ቤት ውስጥ ለኪ። 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን ደውዪ፤ 160 በ110 ከሆነ፣ ወይም በመድኃኒት የማይመለስ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንትሽ ሥር በስተቀኝ ሕመም ከመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አንድ ሌላ ነገር፤ ስለ ቆዳችን። መጻሕፍቱ «ቁስሉ ከቀላ፣ ጡት ከቀላ» ይላሉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። መሞቁን፣ መጠንከሩን፣ ሲነኩት ማመሙን እመኚ። የደም ማነስንም በፊትሽ ሳይሆን በታችኛው የዓይንሽ ቆብ ውስጥ፣ በምላስሽና በመዳፍሽ እዪው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በጥቁር ቆዳ ላይ እውነተኛው መጠን ዝቅ ብሎ ሳለ ደህና ብሎ ሊያሳይ እንደሚችል በ2020 በወጣ ጥናት በግልጽ ታይቷል። መሣሪያው ደህና ነሽ ቢልና አንቺ ግን አየር ካጠረሽ፣ ይህንኑ ንገሪያቸው።

ወተትሽ በመዘግየቱ የተሰማሽን ሐዘን ባለቤትሽ ነግሮኛል። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ወተቷ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ደጋግሞ በማጥባት፣ በዕረፍትና በፈሳሽ ይመጣል። እስከዚያው ሕፃኗ በዱቄት ወተት ብትታገዝ ያሳደግሻት አንቺው ነሽ፤ ከዚህ ሌላ ሊያስረዳሽ የሚሞክር ሰው ካለ ስልኩን ለእኔ ስጪው። ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ግን ሐኪምሽን ስለ ሺሃን ሲንድሮም ጠይቂው። ሐሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1937 በዝርዝር የገለጸው ችግር ነው። ከባድ የደም መፍሰስ ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ይጎዳና ሆርሞኖቿ ይጓደላሉ። ወተት አይመጣም፣ የወር አበባ አይመለስም፣ ብርድና ድካም አይለቅም። ብዙም አያጋጥምም፤ አንዳንዴ ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ደም ተመርምሮ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። የምነግርሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን፣ አንቺ ካልጠየቅሽ የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ስለሚችል ነው።

የብረት ኪኒንሽን በረታሁ ብለሽ አታቋርጪው፤ ሰውነትሽ ጎተራውን እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል። ከሻይና ከቡና አርቀሽ ዋጪው።

የሌሊቱን ለቅሶ መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ከሁሉ ስለሚከብደኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስ፣ ሆድ መባስ በብዙ አራሶች ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ከዚያ ካለፈ ግን ሕመም ነው፣ እንደ ትኩሳቱ ያለ ሕመም፣ ሕክምና ያለው። አንቺ ደግሞ ሞትን በቅርብ አይተሻል። ያ የደም ሽታ፣ ያ የሐኪሞቹ ሩጫ በሌሊት እየመጣ ከቀሰቀሰሽ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ስታልፊ ልብሽ የሚመታ ከሆነ፣ አእምሮሽ ቆስሏል ማለት ነው፤ እምነትሽ አነሰ ወይም ልጅሽን አልወደድሻትም ማለት አይደለም። በ1987 የወጣ፣ ኤድንበርግ የሚባል አሥር ጥያቄዎች ያሉት የአራስ ድብርት መመዘኛ አለ፤ በአማርኛም ተተርጉሟል። አዋላጅሽን ጠይቂያትና በእውነት መልሺው። ራስሽን ወይም ሕፃኗን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ፣ ወይም ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማሽ፣ ለባለቤትሽ በዚያችው ደቂቃ ተናገሪና ወደ ሕክምና ሂዱ። «ማንም ልጅሽን አይነጥቅሽም፣ አትከራከሪኝ» አልልሽም፤ ይህ ፍርሃት በስደት ያሉ እናቶችን አፍ እንደሚያስይዝ አውቃለሁ። ታክማ ወደ ልጇ የተመለሰች እናት ግን ብዙ አይቻለሁ።

እንቅልፍ መድኃኒትሽ ነው። ባለቤትሽ ሥራ ስለጀመረ፣ «ምን እናግዝሽ?» ላሉሽ ጓደኞችሽ «ምንም» አትበያቸው። አንዷ ልብስ ትጠብልሽ፣ አንዷ ሕፃኗን ይዛ ሁለት ሰዓት ታስተኛሽ፣ አንዷ ለቀጠሮ ታጅብሽ። ምጥሽ ላይ ምን እንደተደረገ የሚያስረዳሽ ሰው እንዲመደብልሽም ሆስፒታሉን ጠይቂ፤ በጨለማ ያለፈውን ነገር በቅደም ተከተል መስማት ያረጋጋል። የሕክምና ማስረጃሽን ቅጂ ውሰጂ፤ የፈሰሰሽ ደም መጠን፣ የተሰጠሽ ደም፣ የደም ዓይነትሽ፣ የወጣልሽ ቁራጭ ሁሉ ይጻፍበት። ሌላ ልጅ ብትወልጂ፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ያ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሐኪምሽ እጅ መሆን አለበት።

ቅዳሜ እደውላለሁ። የሄሞግሎቢንሽን ቁጥር፣ የሦስት ቀን የደም ግፊትሽንና የቀጠሮሽን ቀን ጽፈሽ ጠብቂኝ። ስለ ሕፃኗ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

እናትሽ