ሐሙስ ከሰዓትሽን ልለምንሽ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? የመጨረሻውን መልእክት የላክሽው አንቺ ነሽ፣ ሳልመልስ ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት እኔ። ይቅር በይኝ። ሰበብ አልደረድርም፤ ስንገናኝ እስኪበቃሽ ትቆጪኛለሽ፣ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። እናትሽ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? የእኔን በሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ጨንቆኝ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስድስት ኢንተርን (ገና የሚለማመዱ) አማካሪዎች ወደ ምክር ማዕከሉ ይገባሉ። የአምስት ቀን የማሰልጠኛ ፕሮግራም እንዳዘጋጅላቸው ተሰጥቶኛል። የወረስኩት ረቂቅ አራቱን ቀን በንግግር ሞልቶታል፦ ሥነ ምግባር፣ የፋይል አያያዝ፣ ንድፈ ሐሳብ፣ የማዕከሉ ደንብ። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ የተመደበለት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም በስላይድ። በሁለተኛው ሳምንት ግን እያንዳንዳቸው በር ዘግተው ከተገልጋይ ጋር ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

የት ላይ እንደሚሰናከሉ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ተገልጋዩ ከመግባቱ በፊት የሚሞላውን የፒኤችኪው-9 የድብርት መለኪያ ቅጽ አስቢ። ድምሩ ከ0 እስከ 27 ነው። ኢንተርኑ ድምሩን ያይና 8 ሆኖ ሲያገኘው «ቀላል ነው» ብሎ ያልፋል። ስለ መሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ግን 1 ተከቧል። ድምሩ 8 ይሁን 22፣ ዘጠነኛው ከ0 ካለፈ እዚያው፣ በዚያው ቀን በአፍ መጠየቅ አለበት። ቅጹ ጥያቄውን በወረቀት ስለጠየቀ ሰው የጠየቀ ይመስላቸዋል።

ሲጠይቁም «መጥፎ መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?» ይላሉ። መልሱን በጥያቄው ውስጥ አቀበሉት እኮ! ሰውየው «አይ፣ አላስብም» ይላል፣ ሁለቱም እፎይ ይላሉ፣ ፋይሉ ላይ «ስጋት የለም» ይጻፋል። እኔ የምፈልገው ድምፃቸው ሳይወርድ፣ ዓይናቸው ወደ ወረቀት ሳይሸሽ እንዲህ እንዲሉ ነው፦ «ጭንቀት እንዲህ ሲበረታ አንዳንድ ሰው መኖር ያስጠላዋል። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደማይተክል በጥናት ደጋግሞ ታይቷል። ይህን ግን ቢያነቡትም አያምኑትም፤ አፋቸው ቃሉን እስኪለምደው ድረስ ፍርሃቱ አይለቃቸውም።

«አዎ» ከተባሉ በኋላ ደግሞ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። ቅደም ተከተሉን በቃላቸው እንዲይዙት እፈልጋለሁ፦ የመሞት ምኞት አለ? ራስን የማጥፋት ሐሳብስ? በምን መንገድ እንደሆነ አስቧል? ሊፈጽመው ቆርጧል? መቼና የት የሚል ዕቅድ ይዟል? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል፣ በተለይ ባለፉት ሦስት ወራት? ያሰበው ነገር ቤቱ ውስጥ፣ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው? በዚህ መሐል ነው ብዙዎች «እንደማታደርገው ቃል ግባልኝ» ብለው የሚያስፈርሙት። ፊርማው የሚያረጋጋው አማካሪውን ነው። ተገልጋዩ ቃሉን እንዳያፈርስ ሲፈራ፣ ሐሳቡ በተመለሰበት ቀን ደብቆት ይመጣል።

በምትኩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ስታንሊና ብራውን ያዘጋጁትን ባለስድስት ደረጃ የደኅንነት ዕቅድ አብረው ይጻፉ። ችግሩ መምጣቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች፤ ብቻውን ሆኖ ሊያደርግ የሚችላቸው ነገሮች፤ ሐሳቡን የሚያስረሱት ሰዎችና ቦታዎች፤ እርዳታ የሚጠይቃቸው ሰዎች፤ የባለሙያና የድንገተኛ አገልግሎት ስልኮች፤ በመጨረሻም አደገኛውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ። የሚጻፈው በተገልጋዩ ቃል ነው። «የመዝናናት ዘዴ እጠቀማለሁ» የሚል መስመር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንንም አያድንም፤ «ተነስቼ ፊቴን ታጥቤ እህቴን እቀሰቅሳለሁ» የሚለው ግን ሊደረግ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ አላወላውልበትም፦ ኢንተርኑ ሥራውን ለሚከታተልለት ሱፐርቫይዘር የሚነግረው ተገልጋዩ ገና ከማዕከሉ ሳይወጣ ነው። በማግስቱ በሚደረግ ሱፐርቪዥን «ትናንት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ስለዚህ ሦስተኛውን ቀን ከንግግር ነጥቄ ለልምምድ ሰጥቼዋለሁ። ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ አማካሪ፣ አንዱ ተገልጋይ፣ አንዱ ተመልካች። 15 ደቂቃ ልምምድ፣ 10 ደቂቃ አስተያየት፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሦስቱም እስኪዳረሱ 75 ደቂቃ ነው፣ ከዕረፍት በኋላ በሌላ ታሪክ ይደገማል። ተመልካቹ «ጥሩ ነበር» ማለት አይፈቀድለትም፤ የሰማውን ቃል እንዳለ ይጽፋል። «ራስህን» ብሎ «ለማጥፋት» ላይ ሲደርስ ድምፁ መጥፋቱን ለልጁ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

ችግሩ እርስ በርስ ተገልጋይ ሲሆኑ ይራራሉ። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉንም ይዘረግፉታል፣ ጠያቂውም የቻለ ይመስለዋል። እውነተኛ ሰው ግን «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላል። ፊቱ ጠቁሮ «ምንም አልሆንኩም» ማለትን እንዳንቺ የሚችልበት ሰው አላውቅም፤ ሃያ ጊዜ ጠይቄሽ ሃያ ጊዜ ብለሽኛል! ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገብቶሻል መሰለኝ። ቆይ፣ ትንሽ ልጨምርና እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ «አይዞህ» ነው። ቃሉን እወደዋለሁ፣ ለቅሶ ቤትም ጎረቤትም ያምርበታል። በምክር ክፍል ውስጥ ግን ቶሎ ከተባለ በር ይዘጋል። ሰውየው «ቤተሰቤን አሳፍሬአለሁ» ሲል «አይዞህ፣ ያልፋል» ከተባለ ንግግሩን የሚቀጥልበት ምክንያት የለውም። «አሳፍሬአለሁ የሚለው ነገር ከብዶሃል» ብለው ዝም ቢሉ ይቀጥላል። ልምምዱ ላይ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ማንጸባረቅ (እንዲህ የሰሙትን መልሶ መናገር) እንዲሆን እየቆጠሩ ይሥሩ፤ ሦስት ጥያቄ ደራርበው ከጠየቁ ተመልካቹ እጁን ያነሳል። ተገልጋዩ የሚመልሰው የመጨረሻውንና የሚቀለውን ነውና።

ሱፐርቪዥኑን በሳምንት አንድ ሰዓት ለየብቻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ በቡድን አድርጌዋለሁ። በቃል ሪፖርት ብቻ እንዲሆን ግን አልፈልግም። በ1996 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሌዳኒና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት ከሠልጣኞቹ ከመቶ 97ቱ ከሱፐርቫይዘራቸው የደበቁት ነገር ነበር። ክፋት አይደለም፤ የሚመዝንሽ ሰው ፊት ያፈርሽበትን ደቂቃ ማን ያወራል? ስለዚህ የድምፅ ቀረጻ ይኑር፦ ተገልጋዩ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ፣ የሚሰረዝበት ቀን አስቀድሞ ተጽፎ። ከ50 ደቂቃው የምክር ጊዜ ውስጥ ኢንተርኑ የተቸገረበትን 10 ደቂቃ ራሱ መርጦ ያመጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካገን እንዳስተማረው ቀረጻውን አስቁመሽ «እዚህ ጋ ምን ተሰማህ? ልትል ፈልገህ ያልተናገርከው ምን ነበር?» ትይዋለሽ፤ ከዚያ ትታገሻለሽ። እንዲህ ያለ ሱፐርቫይዘር ማግኘት ከባድ ነው። አብዛኞቻችን ቀረጻው እንደቆመ ማስተማር እንጀምራለን።

የስምምነት ቅጹን እስካሁን አልነካሁትም። አማካሪው በሥልጠና ላይ እንደሆነ፣ የሱፐርቫይዘሩ ስም፣ ሚስጥር የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎች፣ ሁሉም ሰውየው ማልቀስ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ቋንቋ መነገር አለባቸው። ኢንተርኑ የሚለቅበት ቀንም ከመጀመሪያው ይነገር፣ ያልጨረሰውን ተገልጋይ ለሚቀጥለው አማካሪ ፊት ለፊት ያስተዋውቅ። ይሄ ይበቃል።

እንግዲህ... እንዴት እንደምጠይቅሽ ሳስብ ሁለት ቀን አለፈ። ይህን ያህል ጠፍቼ በልመና መመለሴ ያሳፍረኛል። ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነው። ከሰዓት መጥተሽ «ምንም አልሆንኩም» የምትለዋን ሴት ሁኚልኝ። ከቻልሽ ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁለቱን ኢንተርኖች በሱፐርቪዥን ያዢልኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ረቂቁን ሳስገባ ከሐሙስ ጎን ስምሽን ጽፌዋለሁ። ሳልጠይቅሽ። እጄ ሌላ ስም አልጽፍ አለኝ። ካልተመቸሽ እስከ ማክሰኞ ንገሪኝ፣ እሰርዘዋለሁ፤ አልቀየምም። ከመጣሽ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶሽን አትርሺ፣ የስምምነት ቅጹን አብረን እንጨርሰዋለን።

የምትወድሽ፣
ያቺው ጓደኛሽ