ጠገራው ስሙን እንጂ ብሩን ከኢያቄም ሸለቆ አላመጣም

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጠገራ ብር ታሪክ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ በአያቶቻችን ዘመን ከገበያ እስከ ጥሎሽ እንዴት እንዳገለገለ፣ አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀልና አምባር እንዴት እንደሠራበት፣ የወርቅ መመዘኛው ወቄትም ከእሱ ክብደት ጋር እንዴት እንደተያያዘ የተጻፈው ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሁለት ስሕተቶች አሉበት። አንደኛው፣ ጠገራው የተመታበት ብር ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ከምትገኘው ከያኪሞቭ፣ በጀርመንኛ ስሟ ከዮአኪምስታል፣ ተቆፍሮ የወጣ ነው መባሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ብሩ ሲያልቅ የአካባቢው ታሪክም አብሮ ያበቃ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ዕድሜዬን ጂኦሎጂ በማስተማር ያሳለፍሁ በመሆኔ በተለይ ሁለተኛውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙ የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ እንዲያውም ለአገራችን አንባቢ የሚጥመው ነገር ሳይነገር ቀርቷል። ዮአኪምስታል ማለት የኢያቄም ሸለቆ ማለት ሲሆን፣ ኢያቄም የተባለውም የእመቤታችን አባት ነው። ዮአኪምስታል ባለችበት የተራራ ሰንሰለት፣ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ባለችው በሳክሶኒ በኩል፣ በ1496 የተመሠረተችው አናበርግ በሐና ስም፣ በ1521 የተቆረቆረችው ማሪየንበርግም በማርያም ስም የተሰየሙ የብር ከተሞች ናቸው፤ ስለዚህ ኢያቄምና ሐና ከነልጃቸው በብር ማዕድን ላይ ከትመዋል ማለት ይቻላል። መስፍኑ ስቴፋን ሽሊክ ዮአኪምስታልን በ1516 ቆረቆራት፤ ብሩም በብዛት መውጣት ስለ ጀመረ የሽሊክ ቤተሰብ ገንዘብ እንዲያስመታ የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ምዕራባዊ ክፍል) መማክርት በ1520 ፈቀዱለት። እንዲህ ያለ ትልቅ የብር ገንዘብ በ1486 በኦስትሪያ ቲሮል፣ ሐል በተባለችው ከተማ፣ አስቀድሞ ተመትቶ ነበር፤ ነገር ግን የሸለቆው ገንዘብ በብዛቱ አውሮፓን ስላዳረሰ ሕዝቡ መጀመሪያ ዮአኪምስታለር፣ ኋላም ባጭሩ ታለር አለው፤ ዶላር የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ ነው። የገንዘባችን የእንግሊዝኛ ስም ከ1945 እስከ 1976 የኢትዮጵያ ዶላር ስለነበር፣ ሳናስበው የዚያን ሸለቆ ስም በኪሳችን ይዘን ኖረናል።

ብሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አማርኛችን ማዕድኑንም ገንዘቡንም ብር ስለሚል ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ አይጠፋኝም። ዮአኪምስታል ወደ 18 ሺህ ሕዝብ ይዛ በቦሄሚያ ከፕራግ ቀጥሎ የምትጠራ ከተማ የነበረችው በ1530ዎቹ ነው፤ ጉድጓዱ እየጠለቀ ውሃ ሲያስቸግር፣ የአሜሪካ ብርም በመርከብ መጉረፍ ሲጀምር፣ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሥራው ተዳከመ። ማሪያ ቴሬዛ ዙፋን ላይ የወጣችው በ1740 ነው። እኛ የምናውቀው ጠገራ ንግሥቲቱ የሞተችበትን 1780ን እንደያዘ ከዚያ በኋላም ያለማቋረጥ ሲመታ የኖረ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ገንዘብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቪየናው ገንዘብ መምቻ ነጋዴዎች ሲያዝዙ ከገበያ በተገኘ ብር ይመታላቸው ነበር፤ በ1935 ሙሶሊኒ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም አስመታ፤ ከዚያም ለንደንና ቦምቤይ ጭምር መቱት። በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጠገራ ብሩ ከኢያቄም ሸለቆ ነው ብሎ ለመናገር የሚያስችል ምንም መሠረት የለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመለስ፣ ያኪሞቭን ልዩ ያደረጋት የብሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ብሩን አጅበው የሚገኙት ማዕድናት ናቸው። በጥንት ዘመን ከምድር ጥልቅ የተነሣ ሙቅ ውሃ በዓለቱ ስንጥቆች ውስጥ ሲዘዋወር ብርን፣ ኮባልትን፣ ኒኬልን፣ ቢስመዝን፣ አርሴኒክንና ዩራኒየምን በአንድ የማዕድን ሥር ላይ በየተራ አስቀምጧል። ለገጸ ምድር ቅርብ በሆነው ክፍል ብሩ እንደ ሽቦ ተጠማዝዞ ወይም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግቶ ንጹሕ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ከድኝ ጋር የተዋሐደው ጥቁሩ አርጀንታይትና አርሴኒክ ጨምሮ ደም የመሰለው ፕሩስታይትም አብረውት ነበሩ። እየጠለቁ ሲሄዱ ግን ብሩ እየሳሳ ሌሎቹ ይበረክታሉ። የኮባልቱ ድንጋይ መልኩ ለብር ፈላጊ ዐይን ያታልላል፤ እሳት ላይ ሲወጣ ግን ከአርሴኒክ መርዛም ጭስ በቀር የሚሰጠው አልነበረውም፤ ስለዚህ የዚያ ተራራ ቆፋሪዎች ኮቦልድ የሚሉት ተንኮለኛ የምድር ውስጥ መንፈስ ብሩን ሰርቆ የተካው ነው ይሉ ነበር፤ ኮባልት የሚለውም ስም ከዚህ የወጣ ነው። ኋላ የመስተዋትና የሸክላ ሰማያዊ ቀለም ሆኖ እንጀራ አወጣላቸው። እስካሁን በያኪሞቭ አካባቢ ተለይተው የተመዘገቡት የማዕድን ዓይነቶች ከ400 በላይ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የተጠላው ፒችብሌንድ የተባለው፣ ዩራኒየም የያዘው ከባድ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ፔች የሚለው የጀርመንኛ ቃል ሬንጅ ማለትም መጥፎ ዕድል ማለትም ነው፤ ድንጋዩ ብቅ ባለበት ብሩ አለቀ ማለት ስለነበር፣ ቆፋሪው ሁለቱንም ትርጉም ሳያስብ አልቀረም። እየተጣለ ተከመረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእሱ ለመስተዋት ብጫ ቀለም የሚሆን ዩራኒየም ማውጣት ተጀመረና፣ ከቀለሙ ሥራ የተረፈው አተላ እንደገና ተጣለ። ሳይንቲስቷ ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር በ1898 ፖሎኒየምንና ራዲየምን የተባሉትን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ያገኙት በፒችብሌንድ ላይ ሲመራመሩ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ውድ ስለነበረባቸው ከኦስትሪያ መንግሥት የለመኑት ያንኑ የያኪሞቭን አተላ ሲሆን፣ ማሪ ኩሪ ብዙ ኩንታል እያፈላች በ1902 ያገኘችው የራዲየም ክሎራይድ የግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ታዲያ ብሩ ሲያልቅ ታሪኩ አበቃ የሚባለው እንዴት ነው?

ቆፋሪው የከፈለውም ዋጋ በጽሑፋችሁ ውስጥ አልተነሣም። ከ1527 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የከተማዋ ሐኪም የነበረው ጆርጅየስ አግሪኮላ፣ ከሞተ በኋላ በ1556 በታተመው ስለ ማዕድን ሥራ በጻፈው መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች የጉድጓድ አቧራ ባሎቻቸውን ስለፈጀባቸው እስከ ሰባት ጊዜ ያገቡ ሴቶች እንደነበሩ መዝግቧል። በ1879 ሁለት ሐኪሞች የያኪሞቭ ጎረቤት በሆነችው በሽኔበርግ ቆፋሪዎቹን የሚገድላቸው የሳንባ ዕጢ መሆኑን አሳዩ፤ ዋናው ምክንያት ከዩራኒየም የሚመነጨውና ከዓለቱ የሚተነው ራዶን የተባለ ጋዝ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከታወቀም በኋላ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ ለሶቪየት ኅብረት የሚላከውን ዩራኒየም እንዲቆፍሩ በመጀመሪያ የጀርመን ምርኮኞች፣ ቀጥሎም የቼኮስሎቫኪያ የፖለቲካ እስረኞች ወደ እነዚያ ጉድጓዶች ወርደዋል። ቁፋሮው የቆመው በ1960ዎቹ ነው።

ጉድጓዱ ግን አሁንም ሥራ አልፈታም። ስቮርኖስት የሚባለው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለብር የተከፈተው ጉድጓድ፣ ዛሬ ራዶን ያለበት ሙቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ በ1906 የተጀመረው የጠበል ቤት መሰል መታከሚያም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በዚያ ውሃ ያጥባል። አካባቢው በጀርመን በኩል ካለው የማዕድን ሥፍራ ጋር በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ጽሑፋችሁን ተማሪዎች ለመረጃ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ፣ ጠገራው ከያኪሞቭ ብር ተመታ የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲታረምና የመጨረሻው አንቀጽ ስለ ዩራኒየሙ የሚናገር አንድ ሁለት መስመር እንዲጨመርበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የጂኦሎጂ መምህር
አዲስ አበባ