የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የታከተ እጅ፣ የላላ ክር

መስከረም ላይ የክበቡ ካቢኔ ሲከፈት ከአምስቱ ክራሮች ስድስቱም ክር የተሟላላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ ማሲንቆዎች የአንዱ ቆዳ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ላልቷል። የጊታሩ ክሮች ዝገዋል። የአባላት መዝገብ ግን ሙሉ ነበር። ነባሮቹ፣ በተለይ የ10ኛና የ11ኛ ክፍሎቹ፣ በሰዓቱ ይመጡና መሣሪያ ሳይነኩ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፦ «ሰለቸን»።

ያለፉትን ዓመታት የዝግጅት ሰሌዳ ላየ ሰው መልሱ አይገርመውም። ጥቅምት ላይ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የካቲት 23 የአድዋ ድል በዓል፣ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን፤ በመሃል ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ክበቡ አንድ ነገር ያቅርብ» ይባላል። ልምምድ ማለት ለቀጣዩ መድረክ ያንኑ ሦስት ዘፈን መደጋገም ሆኖ ቀረ። አዲስ ነገር ለመማር፣ ለመሳሳት፣ እንዲያው ለመጫወት የተረፈ ሰዓት አልነበረም።

ስንፍናና መታከት አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. በበሽታዎች ምደባው ላይ ለሥራ መታከት (በርንአውት) ያሰፈረው ትርጉም ረድቶናል። ሦስት ምልክት ይጠቅሳል፦ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መናቅ፣ እንዲሁም ሥራው አይሳካልኝም የሚል ስሜት። ድርጅቱ ነገሩን በሽታ አላለውም፤ የሰጠውም ለሥራ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በተማሪ ላይ እንደ ሐኪም ቃል አንለጥፈውም። ለመለየት ግን ይጠቅማል። ሰነፍ ልጅ ይቀራል፤ የታከተው መጥቶ ክራሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መስኮት ያያል። እንቅልፍና ምግብ የሚያሳጣ፣ ከሙዚቃው አልፎ ሁሉን ነገር የሚያስጠላ ሐዘን ከታየ ግን ጉዳዩ የክበብ አይደለም፤ ወደ ምክር አገልግሎትና ወደ ወላጅ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ውሳኔ መድረክ መቀነስ ነበር። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጋር ተነጋግረን በዓመት ሁለት ዝግጅት ብቻ፣ የካቲት 23ንና የወላጆች ቀንን፣ ተቀበልን። ሁለተኛው ውሳኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ዘፈን ላለመለማመድና መሣሪያዎቹን ለመጠገን ነበር። ይህ እንደ እረፍት ታስቦ የተጀመረ ሥራ የዓመቱ ዋና ትምህርት ሆነ። ምክንያቱም «ሰለቸኝ» ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ሲታገሉ የከረሙት ከሙዚቃው ጋር ሳይሆን ከተበላሸ መሣሪያ ጋር ነበር። በየሁለት ደቂቃው የሚላላ ክር ይዞ ሙዚቃ እወዳለሁ ማለት ከባድ ነው።

ክራር የሚላላበት ምክንያት ሦስት ነው፤ ሦስቱም በቤት ውስጥ ይስተካከላሉ። አንደኛ፣ አዲስ ናይለን ክር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሳባል። ከታሰረ በኋላ መሃሉን በጣት ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ወደ ላይ ሳብ ማድረግና እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል፤ እንደዚያም ሆኖ ሦስት አራት ቀን ድምፁ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ክሩ ተበላሽቷል ብሎ ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ ቀንበሩ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ወይም ቆዳ ካለቀ ክሩ በለሰለሰው እንጨት ላይ ይንሸራተታል። አሮጌውን ፈትቶ ጣት የሚያህል ስፋት ባለው የጥጥ ጨርቅ መተካት፣ ክሩንም በጨርቁ ላይ ሦስት አራት ዙር አጥብቆ መጠምጠም ነው። ሦስተኛ፣ የእንጨት መቃኛ ያለው ክራር ከሆነ መቃኛው ቀዳዳው ውስጥ ላልቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ጠመኔ ነው፤ መቃኛውን አውጥቶ ዙሪያውን ጠመኔ መቀባትና ወደ ውስጥ ገፋ እያደረጉ ማዞር። ትምህርት ቤት የማያጣው ዕቃ ቢኖር ጠመኔ ነው፤ እስከ ዘንድሮ ማንም አላሰበውም።

ክር ሲቆረጥ ከሚፈለገው ርዝመት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይተረፋል። ቆጥቦ የቆረጠ ሰው ለጥምጥሙ አይበቃውምና ሁለተኛ ክር ያባክናል። በርኩማው፣ ማለትም ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚሸከመው ትንሽ እንጨት፣ ቆዳው ላይ የተቀመጠው በክሮቹ ጫና ብቻ ስለሆነ ስድስቱን ክር በአንድ ጊዜ ፈትቶ መጣል አይገባም፤ ይወድቃል፣ ወደ ቦታው ሲመለስም ድምፁ ይዛባል። አንድ በአንድ መቀየር ነው። በአንዱ ክራር ላይ ይህን ረስተን ግማሽ ቀን በርኩማ ስንገፋ ውለናል።

የማሲንቆው ቆዳ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ያህል ለስላሳ ፀሐይ ሲያገኝ ተመለሰ። የቀትር ፀሐይና ከሰል ግን ይሰነጥቁታል። ደጋኑ ድምፅ አልሰጥ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ሙጫ ነው፤ ጭራው ካልሻከረ ክሩን አይዘውም። በእጅ የተነካካ ጭራ ደግሞ በወዝ ይለሰልሳልና ሙጫም አያድነውም፤ ስለዚህ «ጭራውን አትንኩ» የሚል ወረቀት ካቢኔው ላይ ተለጥፏል። ከሁሉ በላይ ግን የማሲንቆ ጀማሪዎችን እጅ የሚያደክመው ክሩን እስከ አንገቱ እንጨት ድረስ መጫን ነው። ማሲንቆ እንደ ጊታር አይደለም፤ ጣት ክሩን በጎኑ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ይህን ያስተካከሉ ሁለት ልጆች በሳምንቱ የእጅ አንጓ ሕመማቸው ቀለላቸው።

ዋሽንት ለሚነፉት ሕጉ አጭር ነው፦ አምስት ደቂቃ ነፍቶ ማረፍ። ራስ የሚያዞረው የትንፋሽ ብዛት ነው፤ ድምፅ ያልወጣለት ልጅ ደግሞ የበለጠ ይነፋል። ችግሩ ግን የከንፈሩ አቀማመጥ ነው። ዋሽንቱን ጥቂት ዘንበል አድርጎ፣ ትንፋሹን ቀንሶ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን አየር መላክ ይበቃል። ጊታሩ አዲስ ክር ተገዝቶለታል። በ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ አግዳሚ ብረት) ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ለጀማሪ ጣት ሥቃይ ነው፤ የእኛው ከዚያ በላይ ስለነበር የታችኛው መደገፊያው ተሞርዶ ዝቅ ብሏል።

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ልምምድ ተመለሰ፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ 60 ደቂቃ። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ መቃኘት ነው፤ ሁሉም በራሱ ጆሮ፣ ከኪቦርዱ አንድ ድምፅ ብቻ ተቀብሎ። የቀሩትን ድምፆች ከኪቦርዱ አንወስድም፤ የእኛ ቅኝቶች ሁልጊዜ ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ልክ ለልክ አይገጥሙምና፣ በተለይ አንቺሆዬ። ከዚያ 20 ደቂቃ አንድ ትንሽ ቁራጭ ላይ መሥራት፣ 10 ደቂቃ እረፍት፣ የቀረው 20 ደቂቃ ነፃ ጨዋታ ነው። የነፃው ሰዓት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ መምህሩ አያርምም። ይህን ማክበር የከበደው ለመምህሩ ነበር።

ቁራጩ ከአራት ምት ቤት አይበልጥም። ልጆቹ ዘፈንን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ስለሚጀምሩ መግቢያው መቶ ጊዜ፣ መጨረሻው አስር ጊዜ ተለማምዷል ማለት ነው፤ መድረክ ላይ የሚበላሸውም መጨረሻው ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ቁራጭ ጀምረን ወደ ኋላ ሄድን። መጀመሪያ በአፍ ይዜማል፤ በአፍ ያልወጣ ዜማ በጣት አይወጣም። ከዚያ የስልክ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ተደርጎ ይጫወታል፤ ሦስት ጊዜ ሳይሳሳቱ ከተጫወቱት በአራት ከፍ ይላል፣ ከተሳሳቱ ይወርዳል። ችክችካውን በስድስት እየቆጠሩ በጭብጨባ መያዝ ለከበሮ መቺዎቹ ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ሠርቷል።

በየወሩ አንድ ቅኝት ያዝን፤ ለክራር ልጆች ትልቁ ግኝት ይህ ነበር። ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቃኝተው ከጀመሩ በኋላ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ሌላው፣ ያዘነው ትዝታ ይመጣል። ከዚያ ሬን በግማሽ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ የነበረውን ሚ ደግሞ እስከ ፋ ከፍ ሲያደርጉ አምባሰል ይሆናል። ሶልን በግማሽ ዝቅ አድርገው ላን ወደ ቦታዋ ሲመልሱ አንቺሆዬ ይሰማል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚነካው ሁለት ክር ብቻ ነው። ባቲ ከመጀመሪያው ትዝታ ሲነሱ ሦስት ክር ይጠይቃል፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ። ክር የሚበጠሰውም እዚህ ነው፤ ሙሉ ድምፅ ከፍ የሚል አሮጌ ክር አይተርፍም። ለዚያ ወር ትርፍ ክር አስቀድሞ መገዛት አለበት። ስድስተኛው ክር ዶን በሌላ ከፍታ ስለሚደግም ከእሱ ጋር ይስተካከላል።

የማዳመጥ ሰዓቱ መጀመሪያ አልተሳካም። በስልክ ድምፅ ማጉያ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ አይሰማም፤ ልጆቹም ያወራሉ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ስፒከሩን ካዋሰን በኋላ አንድ ዘፈን ሦስት ጊዜ ማጫወት ጀመርን፦ በመጀመሪያው ከበሮውን ብቻ፣ በሁለተኛው ቤዙን፣ በሦስተኛው አጃቢዎቹን መከተል። ሦስት ጊዜ ሰምቶ «ይህ እኮ አልነበረም!» የማይል ልጅ የለም።

ስለ ምስክር ወረቀት አንድ ነገር መባል አለበት፤ ለምን ቃል አይገባም የሚል የወላጆች ቅሬታ ስለደረሰን። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ለሦስት ከፍሏል። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ሌላው ሳይነገረው ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ቆይቶ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ ሽልማት ቃል የተገባላቸው የሳሉት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር። ጎጂው ወረቀቱ ራሱ ሳይሆን አስቀድሞ ቃል መገባቱ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ክበቡ ለማንም ቃል አልገባም፤ ሰኔ ላይ ግን የካቢኔውን መሣሪያዎች ለጠገኑት ሳይጠብቁ ተሰጥቷቸዋል።

እረፍትም በሰሌዳው ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው የበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት የላቁት ተማሪዎች ብዙ መለማመዳቸው ይጠቀሳል፤ ከሌሎቹ የበለጠ መተኛታቸውና ቀን ላይ ጋደም ማለታቸው ግን ይረሳል። ለፈተና ሳምንታት ክበቡን ሙሉ በሙሉ ዘጋን። ከእረፍት መልስ የጣት ጫፍ ይለሰልሳልና የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። የደነዘዘ ወይም የሚያቃጥል እጅ ይዞ መቀጠል ክልክል ነው።

የካቲት 23 የቀረበው አጭር ነበር፤ ከአለባበስ በስተቀር የሚተች አልተሰማም። የወላጆች ቀን ላይ ከነፃው ሰዓት የተወለደ ነገር መድረክ ወጣ። ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች በማሲንቆ እየተቀባበሉ የምሳ ሰዓቱን ሰልፍ፣ የደወሉን መዘግየትና የሒሳብ ፈተናውን በሰምና ወርቅ ነካኩ። መምህራን ወርቁ የገባቸው ዘግይቶ ነው። በመስከረም መስኮት ሲያዩ ከነበሩት ውስጥ አንዱ ከኋላቸው ክራር ይመታ ነበር፤ ማንም አላዘዘውም።

ያልተሳካም አለ። ኪቦርዱ ሁለት ቁልፎቹ አይሠሩም፣ ጠጋኝም አላገኘንለትም። የዋሽንት ቡድኑ ከሦስት ልጅ አልበለጠም፤ ሦስቱ ዋሽንቶች ከፍታቸው ስለማይገጥም አብረው መጫወት አልቻሉም። ለሚቀጥለው ዓመት በአንድ ሸምበቆ ሠሪ እጅ በአንድ ድምፅ የተቃኙ አራት ዋሽንቶች፣ ሁለት ጥቅል ናይለን ክር፣ ትንሽ ሙጫና ግማሽ ሜትር የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጉናል። ክራሮቹ ለክረምቱ ክራቸው ሁለት ድምፅ ያህል ላልቶ፣ በርኩማቸው ሳይወድቅ፣ ከመሬት ከፍ ብለው በደረቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፉ ከ11ኛ ክፍሉ የክበብ ተጠሪ ጋር ነው።